አጥንት በወኔ አይገጥምም

ሰሞኑን «አጥንት ይሰበራል፣ ወኔ አይሰበርም» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። የብስክሌት ውድድር እንደምወድ ስለሚያውቁ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ ይህን አልክድም። ስለ ብስክሌት በአማርኛ በዚህ ርዝመት የሚጽፍ ሰው ማግኘትም ያስደስታል። ግን አንብቤ ስጨርስ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ አንድ በአንድ ልናገር።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ዋናው ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ከከባድ ጉዳት ተመልሶ የሚያሸንፈውን ብስክሌተኛ ካልተመለሰው የሚለየው ልብ ነው። ማስረጃ የሚያደርጉት ሁለት ሰዎችን ነው። ዮናስ ቪንገጎ በሦስት ወር ተመለሰ፤ ክሪስ ፍሩም በስድስት ዓመትም አልተመለሰም። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብለው ይዘጉታል። በዚህ ላይ አራት ነገር ይጨምራሉ። ስብራት የስድስት ሳምንት ጉዳይ ነው፤ ራጅ ላይ አጥንቱ ከገጠመ ሰውየው ድኗል ይላሉ። የድሮዎቹ ተሰብረው ይጨርሱ ነበር፤ የዘንድሮዎቹን ሐኪም አሞላቋቸዋል ይላሉ። ጥሩ ብስክሌተኛ አይወድቅም ይላሉ። በመጨረሻም ከ30 ዓመት በኋላ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ስሙን ሳያበላሽ ቢያቆም ይሻላል ይላሉ።

ከቪንገጎና ከፍሩም ልጀምር። የጽሑፉ ምሰሶ እነሱ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቪንገጎ ኤፕሪል 4፣ 2024 በባስክ አገር ውድድር ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ክላቪክሉ፣ ማለትም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ተሰበረ። የጎድን አጥንቶቹም ተሰበሩ። ሳንባው ተጎዳ፤ አየር ወጥቶ ተኮማተረ። 12 ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሦስት ወር ሳይሞላው ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ትልቁ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰለፈ። በ11ኛው ቀን፣ ለ ሊዮራን በተባለው ቦታ፣ ጥሎት የሄደውን ዋና ተቀናቃኙን ታዴይ ፖጋቻርን ደርሶበት በመጨረሻው ሽቅድድም ቀደመው። ከዚያ ማይክ ሲያቀርቡለት ማውራት አቅቶት አለቀሰ። ውድድሩን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህን ያየ ሰው «ልብ ነው» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ያን ቀን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ፍሩም ደግሞ ጁን 12፣ 2019 ሮአን የተባለች የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ የግል የሰዓት ውድድሩን መንገድ ሲያጠና ከግድግዳ ጋር ተላተመ። የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ክርኑ ተሰበረ። የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ። 4 ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም።

እስቲ ልብን ለጊዜው እንተወውና የተሰበረውን አጥንት እንይ። ብስክሌት የሚሄደው በእግር ነው። የቪንገጎ እግሮች ምንም አልሆኑም። ክላቪክል በብረትና በብሎን ይታሰራል፤ የጎድን አጥንት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳንባ ሲድን ደግሞ ሰውየው ቤት ውስጥ ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ ቁጭ ብሎ ፔዳል መምታት ይችላል። እጁን መሪው ላይ ጠንከር አድርጎ ባያሳርፍ እንኳ እግሩ ሥራውን አያቆምም። የጭን አጥንት ሌላ ነገር ነው። በሰውነታችን ውስጥ ትልቁ አጥንት እሱ ነው። ፔዳሉን ወደ ታች የሚገፋው ጡንቻ የተጠመጠመው በእሱ ዙሪያ ነው። እሱን ለመጠገን ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ጡንቻ መካከል ያልፋል። ከዚያ ያ እግር ለሳምንታት ሙሉ ክብደት አይሸከምም። ሲመለስ ከወንድሙ ያነሰ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ልየው። አንድ ባለሙያ በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል ቢያዞር፣ በአምስት ሰዓት ውድድር እያንዳንዱ እግር 27,000 ጊዜ ይገፋል። አንዱ እግር በትንሹ ከደከመ ሌላኛው 27,000 ጊዜ ያካክስለታል። ዳሌው ይጣመማል፤ ወገቡ ይከፍላል። ይህ ለአንድ ቀን ይቻላል። በቱር ደ ፍራንስ ግን 21 የውድድር ቀን አለ። ዕድሜም አለ። ሲወድቁ ቪንገጎ 27 ዓመቱ ነበር፤ ፍሩም 34።

የፍሩምን ወኔ ለመለካት ከተፈለገ መለኪያው እዚያው አለ። ከአደጋው ስምንት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2020፣ ቁጥር ለጥፎ ውድድር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ድሮ ሲጥላቸው በነበሩ ሰዎች እየተጣለ፣ ዳገቱን ከኋላ ወጣ። ገንዘቡም ስሙም የነበረው ሰው ነው፤ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ወኔ ካልሆነ ምን አቆየው?

ፍሩም ብቻም አይደለም። ስፔናዊው ሆሴባ ቤሎኪ በ2000 እና በ2001 ቱር ደ ፍራንስን ሦስተኛ፣ በ2002 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። በ2003 ወደ ጋፕ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በአጠቃላይ ደረጃ አንደኛ ከነበረው ሰው በጥቂት ሰከንድ ብቻ ርቆ፣ ጎማው ከዳውና ወደቀ። የጭን አጥንት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ። የቀድሞው ቤሎኪ ተመልሶ አልታየም። እንደ ፍሩም ያለ ስብራት፣ እንደ ፍሩም ያለ ውጤት። ሁለቱም ልባቸው እኩል አንሶ ነው ከማለት አጥንቱን መጠየቅ ይቀላል።

ጸሐፊው «የጭን አጥንቱ የተሰበረው ኢጋን በርናልስ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኮሎምቢያዊው በርናል ጃኑዋሪ 2022 ልምምድ ላይ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 20 ገደማ አጥንት ተሰብሮበታል። የጭን አጥንቱና የጉልበቱ ሎሚ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ተመልሷል። በ2025 በስፔኑ ቩዌልታ የአንድ ቀን ምዕራፍ አሸንፏል። ግን ልብ በሉ፤ ሲጎዳ 25 ዓመቱ ነበር፣ ያንን ድል ለማግኘትም ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። በ2019 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በርናል ግን እስካሁን አልተመለሰም። የወኔው ማነስ ነው የሚል ካለ ይምጣ።

ስለ አንድ ሌላ ጉዳት ሳላወራ ይህን ነጥብ አልለቅም። ምክንያቱም ጽሑፉ ስለ መውደቅ ብቻ ነው የሚያወራው። የብስክሌተኛ ጉዳት ሁሉ መሬት ላይ አይደለም የሚመጣው። ሰውነቱ ከወገቡ ታጥፎ ለዓመታት ስለሚሠራ፣ ወደ እግር ደም የሚያወርደው ትልቁ የደም ሥር ዳሌው አካባቢ ይታጠፋል፤ አንዳንዴም ግድግዳው ይወፍራል። ሰውየው ሲራመድ ደህና ነው። ሲተኛ ደህና ነው። ዳገት ላይ ሙሉ ኃይሉን ሲጠይቅ ብቻ አንዱ እግር ደም ያጥረዋል፣ ይዝላል፣ ይደነዝዛል። ከውጭ ለሚያይ ስንፍና ይመስላል። ጣሊያናዊው ፋቢዮ አሩ፣ የ2015 የቩዌልታ አሸናፊ፣ 2018ን እንዲህ እየተጎተተ አሳለፈ። ብዙ ተወቀሰ። በ2019 ሲመረመር የግራ እግሩ የደም ሥር ጠቦ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። «ልብ የለውም» የሚባል ብስክሌተኛ ሲገጥመኝ አሁን መጀመሪያ የሚመጣብኝ አሩ ነው።

ሆላንዳዊቷ ኤሚ ፒተርስ አለች። ከጓደኛዋ ጋር በማዲሰን፣ ማለትም ሁለት ሰው እየተቀባበለ በሚሄድበት የብስክሌት ውድድር፣ 3 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ዲሴምበር 2021 ስፔን ውስጥ ልምምድ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷ ተጎዳ። ለወራት ራሷን አታውቅም ነበር። ወደ ውድድር አልተመለሰችም። «የተመለሰ ከልቡ የፈለገ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ደስ ይላል። ግን ሲገለበጥ ምን ይላል? ያልተመለሰ አልፈለገም ይላል። ጸሐፊው ይህን ለማለት እንዳልፈለጉ አምናለሁ። ግን ጽሑፋቸው ይለዋል። ከሁሉ የከፋኝ እዚህ ላይ ነው።

ወኔ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ግድግዳ እያዩ ለሰዓታት ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ መቀመጥ፣ ጉልበትን በቀን መቶ ጊዜ እያጠፉ መዘርጋት፣ ለወራት ማንም ሳያጨበጭብ። ይህን ያለ ወኔ የሚሠራ የለም። ወኔ ሥራውን ያሠራል። አጥንቱ የቱ ነው፣ የት ጋ ተሰበረ፣ ነርቭ ነክቷል ወይ፣ ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው፣ ወጌሻውና ሐኪሙ እነማን ናቸው የሚሉትን ግን አይወስንም።

ወደ ስድስቱ ሳምንት ልለፍ። አጥንት በስድስት ሳምንት ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ክላቪክሉ በብረት የታሰረ ብስክሌተኛ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ሲወዳደር አይተናል። ነገር ግን አጥንት መያዝና ሰው መዳን ሁለት ነገር ናቸው። እኔ በአንድ ወቅት እግሬ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮልኝ ነበር። ጄሶው ሲፈታ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ገጥሟል» አለኝ። ቁልቁል ሳይ ግን እግሬ የሌላ ሰው ይመስላል። ባቱ የለም። ቆዳው የላላ ካልሲ ሆኗል። ደረጃ ለመውረድ የግድግዳውን ብረት ይዤ ነበር። ያ ለቢሮ ሠራተኛ ነው። በዚያ እግር ዳገት ላይ ከዓለም ምርጦች ጋር መፋጠጥን አስቡት።

ቤልጂየማዊው ረምኮ ኤቨነፑል የዚህ ትልቁ ማስረጃ ነው። ኦገስት 2020 በጣሊያኑ የሎምባርዲያ ውድድር ቁልቁለት ላይ የድልድይ ግንብ መታና ወደ ገደሉ ወደቀ። የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ወጣት ነው፤ ጥሩ ሐኪም አለው፤ ወኔውም ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ልምምድ ጀመረ። ጃኑዋሪ 2021 ሲመረመር ግን አጥንቱ በደንብ እንዳልያዘ ታየና እንደገና አቁም ተባለ። ይህ ከአደጋው አምስት ወር በኋላ ነው። የተመለሰው በሜይ ነው፤ ያውም በቀጥታ ሦስት ሳምንት በሚፈጀው የጣሊያን ውድድር፣ በጂሮ ዲታሊያ። መጀመሪያ ላይ አስደነቀን፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሰውነቱ እምቢ አለ፣ ወደቀም፣ አቋርጦ ወጣ። ጊዜውን ሲያገኝስ? በ2022 ቩዌልታንም የዓለም ሻምፒዮናንም ወሰደ። ወኔው ያው ወኔ ነው። ጊዜው ነው የተለየው።

አሁን ወደ «ድሮ ተሰብረው ይጨርሱ ነበር» ልምጣ። ጽሑፉ ሁለት ሰው ይጠቅሳል፤ ፊሊፕ ዢልቤርንና ታይለር ሃሚልተንን።

የሃሚልተንን ቶሎ ልጨርሰው። ትከሻው ተሰብሮ ሲወዳደር ከሕመሙ ብዛት ጥርሱን አፋጭቶ መጨረሱ እውነት ነው። ግን ያው ሰው በ2011 አበረታች መድኃኒት ይጠቀም እንደነበር በራሱ አፍ ተናግሯል። ለወጣት ብስክሌተኛ አርአያ አድርጌ የማቀርበው ሰው አይደለም።

ዢልቤር ግን ይለያል። በ2018 ቱር ደ ፍራንስ ብቻውን እየመራ ከፖርቴ ዳስፔ ሲወርድ ኩርባው አመለጠው። ጎማው ዝቅ ያለችውን የድንጋይ አጥር መታ፤ እሱ በአጥሩ ላይ ተገልብጦ ከዓይን ተሰወረ። ያ ቁልቁለት ፋቢዮ ካዛርቴሊ በ1995 የሞተበት ነው። ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አላወቀም። ከዚያ ሰዎች ደግፈው አወጡት። ደም በደም የሆነ ጉልበቱን ይዞ አውራ ጣቱን ለካሜራው አነሳ። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ የቀኑን ውድድር ጨረሰ። ማታ ሲታይ የጉልበቱ ሎሚ ተሰብሯል። እኔም አደንቀዋለሁ። ግን ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። ዢልቤር በማግስቱ አልተነሳም። ውድድሩን ትቶ ሄደ፣ ታከመ፣ አረፈ። በቀጣዩ ኤፕሪል ትልቁን የአንድ ቀን ውድድር ፓሪስ–ሩቤን አሸነፈ። የማቆሙ ክፍል ከታሪኩ ከተቆረጠ ማሸነፉ ከየት እንደመጣ አይገባንም።

ቢንያም ግርማይም አለ። ሜይ 2024 በጂሮ ዲታሊያ ዝናብ በነበረበት ቀን ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለት ጊዜ! አቋርጦ ወጣ። በጽሑፉ ሚዛን ሞላቃ ነው ማለት ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቱር ደ ፍራንስ ላይ 3 ምዕራፍ አሸነፈ፤ በነጥብ ለሚያሸንፍ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ለብሶ ጨረሰ። ከእሱ በፊት የትኛውም ጥቁር አፍሪካዊ በዚያ ውድድር አንድ ምዕራፍ እንኳ አሸንፎ አያውቅም።

ጭንቅላት ሲመታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሴፕቴምበር 11፣ 2020። ሮማን ባርዴ በቱር ደ ፍራንስ አጠቃላይ ደረጃ አራተኛ ነው። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ወደቀ። ለመነሳት ሞከረ። እግሮቹ ከዱት፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደና እንደገና ወደ መሬት ሄደ። ምስሉን ያየ ይረሳዋል ብዬ አላስብም። ከዚያ ብስክሌቱን አስያዙት፤ እሱም ወጣና ሄደ። 90 ኪሎ ሜትር። ዳገትና ቁልቁለት። ማታ ጭንቅላቱ ሲመረመር አንጎሉ ውስጥ ትንሽ ደም መፍሰሱ ታየ። በማግስቱ ቀረ። ያን ቀን በአንዱ ቁልቁለት ላይ እንደገና ወድቆ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ስፖርቱን የማያውቅ አንባቢ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። በእግር ኳስ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ይቀየራል። በብስክሌት ቅያሪ የለም። ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታ አያቆምም። ሐኪሙ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ሲመረምር ዋናው ቡድን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እየራቀ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ከውድድር ውጭ ልታደርግ ትችላለች። ተወዳዳሪው ራሱ «ደህና ነኝ» ይላል። ጭንቅላቱ የተናወጠ ሰው ደህና መሆኑን ራሱ እንዲፈርድ መጠየቅ ደግሞ ትርጉም የለውም፤ የተመታው መፍረጃው ነው። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በዲሴምበር 2020 የጭንቅላት መናወጥ መመሪያ ያወጣው ለዚህ ነው። «ማሞላቀቅ» የተባለው ይህ ነው። የተሰበረ ጉልበት ይዞ የሚሄድ ሰው የሚጎዳው በዋናነት ራሱን ነው። ሚዛኑ የጠፋበት ሰው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ከጎኑ ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

«ጥሩ ብስክሌተኛ አይወድቅም» የሚለው ብዙ አያስደክምም። በከፊል ትክክል ናቸው። ፍሩም ያን ቀን አፍንጫውን ሊናፈጥ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ነበር፤ ነፋስ ቀደመው። ኤቨነፑልም የሎምባርዲያውን ኩርባ በራሱ ስህተት ነው ያበላሸው። ግን ያው ኤቨነፑል ዲሴምበር 2024 ልምምድ ላይ የፖስታ መኪና በር ድንገት ተከፍቶበት ሲሰባበር የትኛው ችሎታ ያድነው ነበር?

ፋቢዮ ያኮብሰንስ? ኦገስት 5፣ 2020 ካቶቪትሴ፣ ፖላንድ። የመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ቀርቶታል። ዲላን ግሩነዌገን ከመስመሩ ወጥቶ ዘጋበት፤ ያኮብሰን ከነሙሉ ፍጥነቱ አጥሩ ውስጥ ገባ። ሐኪሞች ሆን ብለው አስተኙት። ፊቱ ከ130 በላይ ስፌት ፈለገ። አንድ ጥርስ ብቻ ነው የቀረለት። መንጋጋውን ለመሥራት ከዳሌው አጥንት ተወሰደ። ግሩነዌገን ዘጠኝ ወር ታገደ፤ ከዛቻው ብዛት ፖሊስ ይጠብቀው ነበር። በዓመቱ ያኮብሰን ቩዌልታ ላይ 3 ምዕራፍ አሸነፈ። ጁላይ 2022 ደግሞ ቱር ደ ፍራንስ ዴንማርክ ውስጥ ሲጀመር ሁለተኛውን ቀን ያኮብሰን አሸነፈ። በማግስቱ ሦስተኛውን ግሩነዌገን። ያን ሁለት ቀን ሳስታውስ አሁንም ይነዝረኛል። አጥንት ገጥሞም የማይገጥም ነገር አለ፤ በአጥርና በሌላ ሰው ትከሻ መካከል ባለችው ቀዳዳ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የመግባት ድፍረት። ጸሐፊው ስለ ልብ መጻፍ ከፈለጉ እዚህ ላይ ቢጽፉ ከመጀመሪያው ረድፍ ሆኜ አጨበጭብላቸው ነበር።

የቀረው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፤ ሁሉን የሚወስነው ወኔ ከሆነ 30 ዓመት ምን አገባው? ወይ ወኔ ያድናል፣ ወይ ሰውነት ዕድሜ አለው። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማቆም ያስቸግራል።

ከዚያ ሰዎቹን እንይ። አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ በ37 ዓመቱ፣ በ2017 ቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያ ቀን፣ በእርጥብ መንገድ ተንሸራቶ የጉልበቱ ሎሚ ተሰበረ። በ38 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማርክ ካቨንዲሽ በ38 ዓመቱ ክላቪክሉ ተሰብሮ ከቱር ደ ፍራንስ ወጣ፤ በዓመቱ ተመልሶ 35ኛ ምዕራፉን አሸነፈና ለዘመናት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። አነሚክ ፋን ፍሉተን በሪዮ ኦሊምፒክ ወርቁን ልትወስድ ስትል ቁልቁለት ላይ ወድቃ አከርካሪዋ ሦስት ቦታ ሲሰነጠቅ 33 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራችውን ለመዘርዘር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ብቻ ልንገራችሁ፤ በ2022፣ በ39 ዓመቷ፣ ከቀናት በፊት የተሰበረ ክርን ይዛ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ሁሉም እንደነሱ አይሆንም፤ ይህን አውቃለሁ። ዕድሜ ሲጨምር አጥንትም ጡንቻም ቀስ ይላል። ፍሩምም ኦገስት 2025 ልምምድ ላይ እንደገና ወድቆ አምስት የጎድን አጥንትና አንድ የአከርካሪ አጥንት ሲሰበርበት፣ እኔም በልቤ «በቃህ ወንድሜ» ብያለሁ። ግን ከ2019 በኋላ የሄደባቸው ዓመታት ስሙን አበላሹ በሚለው አልስማማም።

ጁላይ 14፣ 2022ን አይቻለሁ። አልፕ ዲዩዌዝ፣ የቱር ደ ፍራንስ ዝነኛ ዳገት። ኩርባ ከኩርባ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። ከቀደሙት ጥቂት ሰዎች መካከል አንድ ቀጭን የ37 ዓመት ሰው አለ፤ ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ እንደ ድሮው ወደ መሪው እያየ። ከፊቱ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ያ እግር ከተሰበረ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሆኖታል። ሦስተኛ ሆኖ ገባ።